ክኒን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ወይስ መርፌ? የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ሲመረጥ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 68 ዓመት ነው። በቅርቡ የአጥንት ጥግግት ምርመራ አድርጌ የወገቤ ውጤት -2.9፣ የዳሌዬ ደግሞ -2.6 በመሆኑ የአጥንት መሳሳት እንዳለብኝ ተነገረኝ። እስካሁን አጥንቴ ተሰብሮ አያውቅም። ሐኪሜ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒን፣ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ወይም በየስድስት ወሩ የሚወጋ መርፌ መምረጥ እንደምችል ነግረውኝ አስቤበት እንድመለስ ቀጥረውኛል። እኔ ለዓመታት ቃር ያስቸግረኛል፤ የተበላሸ ጥርስም ስላለኝ መነቀል አለበት ተብያለሁ። አንዲት ጓደኛዬ እነዚህ መድኃኒቶች መንጋጋ ያበላሻሉ ብላ ስለነገረችኝ ፈርቻለሁ። የትኛውን ብመርጥ ይሻላል? ጨርሶ ባልጀምርስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ። የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ አያምም፤ የማያም ሕመም ደግሞ መድኃኒት የሚያስፈልገው አይመስልም። የአጥንት መሳሳት አለ የሚባለው ውጤቱ (ቲ-ስኮር የሚባለው፣ አጥንትን ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) -2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ የእርስዎ በወገብም በዳሌም ከዚህ ወርዷል። በዚህ ዕድሜ ዳሌ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎች እንደ ቀድሞው ራሳቸውን ችለው ለመንቀሳቀስ ይቸገራሉ። ስለዚህ በእርስዎ ውጤት ሕክምናውን ቢጀምሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና የሰውነት እንቅስቃሴ በእርግጥ አስፈላጊ ናቸው፤ ሆኖም የመድኃኒቱ አጋዥ እንጂ ምትክ አይሆኑም።

አጥንታችን ዕድሜ ልካችንን በአንድ በኩል እየተሸረሸረ በሌላ በኩል እየተተካ ይኖራል። ሴቶች ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ መሸርሸሩ ከመተካቱ ይበልጣል። የቀረቡልዎት ሦስቱም መድኃኒቶች ይህን መሸርሸር የሚገቱ ናቸው፤ የሚለያዩት ወደ ሰውነት በሚገቡበት መንገድ፣ በአጥንት ውስጥ በሚቆዩበት ጊዜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲቋረጡ በሚያስከትሉት ነገር ነው። ታካሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የትኛው መድኃኒት እንደሚበረታ ይጠይቃሉ። እኔ ግን የትኛውን ሳያቋርጡ በትክክል ሊወስዱት እንደሚችሉና ሲያቆሙት ምን እንደሚከተል ቢጠይቁ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ብርቱ የሚባለው መድኃኒት በአግባቡ ካልተወሰደ ከደካማው አይሻልም።

ከክኒኖቹ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ 70 ሚሊግራም ይዋጣል። ለረጅም ዓመታት ያገለገለና ለብዙ ሰዎች የመጀመሪያ ምርጫ የሚሆን መድኃኒት ነው፤ አወሳሰዱ ግን ጥብቅ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ጋደም ማለት፣ ምግብ መብላት፣ ቡና፣ ሻይ ወይም ወተት መጠጣት፣ ሌላ መድኃኒትም መውሰድ አይፈቀድም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ክኒኑ በትክክል ቢወሰድ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ከምግብ ወይም ከካልሲየም ጋር ከተዋጠ ያችው ትንሿ መጠንም ትቀራለች፤ ወዲያው ጋደም ያለ ሰው ደግሞ የምግብ ቧንቧው ሊቆስልበት ይችላል። ቃር ብቻውን ክኒኑን ፈጽሞ አይከለክልም። የመዋጥ ችግር ወይም የምግብ ቧንቧ መጥበብ ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ለዓመታት ቃር ላስቸገረዎት ለእርስዎ ክኒኑን አስቀድሜ አልመርጥም፤ ባባሰብዎት ቁጥር መዝለልዎ፣ ከጊዜ በኋላም መተውዎ አይቀርም ብዬ ስለምሰጋ ነው።

በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ የአሌንድሮኔት ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን በጨጓራ በኩል ስለማያልፍ ቃርን አይነካካም። 5 ሚሊግራም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ይንጠባጠባል። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት ይህ መድኃኒት በሦስት ዓመት ውስጥ የአከርካሪ አጥንት ስብራትን በ70 በመቶ፣ የዳሌን ስብራት ደግሞ በ41 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ከሦስት ሰዎች አንዱን ያህል ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይሰማዋል፤ ይህም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል፣ ፓራሲታሞልም ያስታግሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት ስሜቱ በጣም ስለሚቀንስ በመጀመሪያው ቀን ተደናግጠው እንዳይተዉት አደራ እላለሁ። መድኃኒቱ የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊታቸው በእጅጉ ለደከመ ሰዎች አይሰጥም። የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እጥረት ካለም አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

በየስድስት ወሩ 60 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዴኖሱማብ ነው። ብርቱ መድኃኒት ነው፤ በኩላሊት በኩል ስለማይወገድም ዞሌድሮኒክ አሲድ ለማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች ይመረጣል። ይሁንና የኩላሊት ሕመሙ እጅግ የከፋ ከሆነ የደም ካልሲየምን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ ስለሚችል ልዩ ክትትል ይፈልጋል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ በአጥንት ውስጥ ተጣብቀው ለዓመታት ስለሚቆዩ ከተቋረጡም በኋላ ጥቅማቸው ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ዴኖሱማብ ግን ጊዜው ሲያልፍ ታግዶ የነበረው መሸርሸር ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ የተገኘው ጥግግት በአጭር ጊዜ ይጠፋል፤ አንዳንድ ሰዎችም በጥቂት ወራት ውስጥ በርካታ የአከርካሪ አጥንቶቻቸው ይሰበራሉ። ስለዚህ ቀጠሮው በሳምንታት እንኳ መዘግየት የለበትም፤ ሲቆምም በሌላ መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም በአሌንድሮኔት፣ መተካት አለበት። መርፌውን ከመረጡ መቼ እንደሚያቆሙትና በምን እንደሚተኩት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሐኪምዎ ጋር ይስማሙ። ይህ ሳይነገራቸው የጀመሩና በራሳቸው ያቋረጡ ሰዎች የሚደርስባቸው ጉዳት በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ መከላከል ይቻል ነበርና።

የጓደኛዎ ማስጠንቀቂያ መሠረት የሌለው አይደለም፤ አደጋው ግን ከሚወራው እጅግ ያነሰ ነው። የመንጋጋ አጥንት መጎዳት ከክኒኑም፣ በደም ሥር ከሚሰጠውም፣ ከመርፌውም ጋር ይያያዛል። በአጥንት መሳሳት ሕክምና መጠን በዓመት ከ10,000 እስከ 100,000 ከሚሆኑ ተጠቃሚዎች በአንዱ ላይ እንደሚደርስ ይገመታል፤ በይበልጥ የሚታየው ለካንሰር ሕክምና እጅግ ከፍ ባለ መጠን በሚወስዱት ላይ ነው። ጥርስ መነቀል ይህን አደጋ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ስለሆነ ጥርስዎን አስቀድመው ይነቀሉ፤ ድዱ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ሕክምናውን ይጀምሩ። የጥቂት ሳምንታት መዘግየት አይጎዳዎትም። ሌላው አልፎ አልፎ የሚታየው ችግር፣ በተለይ ከብዙ ዓመታት አጠቃቀም በኋላ፣ የጭን አጥንት ያለ ከባድ አደጋ መሰበር ነው። ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ በጭን ወይም በብሽሽት ላይ ሕመም ስለሚሰማ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ሳይቆዩ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት ክኒን ከአምስት ዓመት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ይመዘናል፤ አደጋቸው ለቀነሰ ሰዎች ለጊዜው ይቋረጣል። ለዴኖሱማብ ግን እንዲህ ያለ እረፍት የለም።

እንግዲህ ኩላሊትዎ ደህና ከሆነ፣ ጥርስዎም ተነቅሎ ከዳነ፣ በእርስዎ ሁኔታ የምመርጠው በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠውን ነው። ከዚያ በፊት የኩላሊት፣ የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲ እና የታይሮይድ የደም ምርመራ ይደረግልዎት፤ ለአጥንት መሳሳቱ ሌላ ሊታከም የሚችል መንስኤ ሊኖር ይችላልና።

አጥንትዎ ተሰብሮ እንደማያውቅ ጽፈዋል። ይሁንና አብዛኛው የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው፤ ሰው እንደ ተራ የወገብ ሕመም ይቆጥረዋል፣ ወይም ምንም አይሰማውም። ቁመትዎ ከወጣትነትዎ ጋር ሲነጻጸር በአራት ሴንቲሜትር ያህል ቀንሶ ከሆነ፣ ጀርባዎም መጉበጥ ከጀመረ፣ የአከርካሪ ራጅ እንዲታዘዝልዎት ይጠይቁ። በራጁ ላይ የተሰበረ አጥንት ከታየ ከላይ የሰጠሁት ምክር ሊለወጥ ይችላል፤ እንደ ቴሪፓራታይድና ሮሞሶዙማብ ያሉ አዲስ አጥንት የሚገነቡ መድኃኒቶች ይታሰባሉ። ሮሞሶዙማብ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ላጋጠመው ሰው አይሰጥም። እነዚህ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚጠቅሙት በመጀመሪያ ተሰጥተው፣ ከእነርሱ በኋላ መሸርሸርን የሚገታው ሲከተል ነው። ስለዚህ ራጁ የሚያስፈልግዎት ከሆነ የመጀመሪያውን መድኃኒት በደም ሥር ከመውሰድዎ በፊት ይነሡት።