ለቡችሎች የተሰካው ምድጃ

ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ውሻዬ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ብርዱ ስለበረታ ከነቡችሎቿ ዕቃ ቤት አስገብቼ ሌሊቱን በኤክስቴንሽን ምድጃ እሰካላቸዋለሁ። ስፒናው ይግላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል፤ ብሬከሩ ግን ወድቆ አያውቅም። ውሻዋ ሰው ስለምትነክስ በሰንሰለት አስሬያታለሁ። እሳት ቢነሳስ?»

እህቴ፣ ንባቡን እዚህ ላይ ያቁሙና ብሬከሩን ያውርዱ፤ ከዚያ ስፒናውን ይንቀሉ።

ብሬከሩ አለመውደቁ አያጽናናዎት። እሱ የሚወድቀው ከመጠኑ በላይ ኮረንቲ ሲያልፍ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ነው። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ሲላላ የሚያልፈው ኮረንቲ አይጨምርም፤ የላላችው ነጥብ ብቻ ትግላለች፤ ብሬከሩም አያውቀውም። በዚያ ላይ ባለ 2000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ቀጭን የኤክስቴንሽን ገመድ ይህን ሌሊቱን ሙሉ አይችለውም፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠማ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የጠቆረውን ስፒናና ሶኬት ሁለቱንም ያስቀይሩ። አንዱ ብቻ ከተቀየረ አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል። በፕላስተር መጠቅለል ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምድጃው እንደተሰካ ይረሳል፤ እኩለ ሌሊት ሲመለስ ሰው በሌለበት ይግላል። ከዓመታት በፊት አንድ ቤት የተቃጠለ መስመር እንዳይ ተጠርቼ ሄድሁ። እሳቱ ከአንድ ጥግ አላለፈም ነበር። ውሻው ግን በሩ አጠገብ ሞቶ አገኘሁት፤ ጸጉሩ እንኳ አልተለበለበም። የገደለው ጭሱ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰንሰለቱ አንድ ክንድ ያህል አጥሮት ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የታሰረ ውሻ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምመለከተው የሰንሰለቱን ጫፍ ነው።

ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሰሯት። በሩን ከውጭ በመቀርቀሪያ መዝጋት ይበቃል፤ ቁልፍ አያስፈልገውም። ማሰር ግድ ከሆነብዎ በሽቦ የተጠመዘዘ ማሰሪያ ትተው በአንድ እጅ የሚፈታ መንጠቆ ያድርጉ። ቡችሎቹን በሩ አጠገብ፣ እጀታ ባለው ቅርጫት ያኑሯቸው። ቅርጫቱን ይዘው ከወጡ እናቲቱ ትከተልዎታለች።

ስለ ብርዱ የሠጉት ትክክል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡችላ የገዛ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም። ቅርጫቱን ከመሬቱ በጣውላ ከፍ ያድርጉት፣ አሮጌ ጋቢ ያንጥፉበት፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ወገን ብቻ ያስቀምጡ። የሞቀው ቡችላ ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል።

እሳት ከተነሳ ኮረንቲው ሳይቋረጥ ውሃ አይድፉ። ክፍሉ በጭስ ከተሞላ አይግቡ፤ በሩን ከውጭ ከፍተው ይጥሯት። ያልታሰረች ውሻ ራሷ መውጣት ትችላለች። ጭስ የማገ እንስሳ ደኅና ቢመስልም ከሰዓታት በኋላ ሊታመም ስለሚችል በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ሶኬቱ እስኪቀየር ድረስ የዕቃ ቤቱን ብሬከር እንደወረደ ይተዉት።