ፈተና ወረቀት ሳይ ጭልም ይልብኛል ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሞዴል ፈተና ላይ ወረቀት ሲታደል ሆድሽ ይገለባበጣል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ማታ ያጠናሽው ብን ብሎ ይጠፋል። የዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነሽ፣ ናቹራል ነሽ መሰለኝ። «አይዞሽ፣ አጥኚ፣ ጸልዪ» ያሉሽ ስላሉ እሱን አልደግመውም። አለማጥናት ቢሆን ችግርሽ እንዲህ ባልጨነቀሽ።

እኔ የ2015 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኝ ነኝ። የዚያ ዓመት ጥር ላይ የ2014 ውጤት ወጣና ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ተባለ። እኛ ደግሞ ተረኞች ነበርን። ስለዚህ ፍርሃቱን ከነጣዕሙ አውቀዋለሁ።

1. ቁጥሩን ተዪው። የኛ ምክትል ርዕሰ መምህር በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ «ከመቶዎቻችሁ ሦስታችሁ ናችሁ የምታልፉት» ይለን ነበር። ማበረታታት መስሎት ነው፣ እግዜር ይይለት። ግን አስቢው፤ እዚያ መቶ ውስጥ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ላብራቶሪ በዓይኑ ያላየ፣ በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ሁሉ አለ። ያ የአገር አማካይ ነው፣ ያንቺ ዕጣ አይደለም። ደግሞ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆኗል። አሁንም ትንሽ ነው፣ እሺ። ግን እያደገ ነው።

2. የወረቀት ጉዳይሽን ቀድመሽ ጨርሺ። ይሄን ማንም አይነግርሽም። ለኔ ከፊዚክስ በላይ እንቅልፍ ያሳጣኝ አድሚሽን ካርዴ፣ የፈተና መግቢያው ማለቴ ነው። የአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፣ ጾታዬ ላይ ወንድ ተብሏል። ትምህርት ቤታችን ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ሻዩን እየጠጣ ካርዱን እንኳን አላየውም። «ብትወድቂ ስሙ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ መልስ አጥቼ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስገልጥ የሚታየኝ የምንፈተንበት ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በር ላይ «አንቺ አይደለሽም» ብለው ሲመልሱኝ ነበር። ጥናት የለ፣ እንቅልፍ የለ። በመጨረሻ አባቴ ከሥራ አስፈቅዶ መጣ፣ የልደት ካርዴን ይዘን ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድን። እዚያ ያለችው ልጅ ሳትቆጣ አስተካክላ ሸኘችን። የዚያን ቀን ማታ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ስለዚህ አንቺ ከምዝገባው ጀምሮ ስምሽን ፊደል በፊደል እዪ። ካርዱ የተሰጠሽ ቀን እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ስህተት ካለው ብቻሽን አትሂጂ፣ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ያሳዝናል ግን ቢሮ ውስጥ ለብቻዋ የመጣች ተማሪ አትከበርም።

3. ሰዓት ይዘሽ ተለማመጂ። የቆየ ፈተና አውጪ፣ ስልክሽን ለእናትሽ ስጪ፣ ሳትነሺ ጨርሺ። እኔ ቤት ውስጥ ጸጥታ ስለነበር ሆን ብዬ ሰው የሚገባ የሚወጣበት ላይብረሪ እየሄድኩ ነው የሠራሁት። በኦንላይን ከምትፈተኑት ከሆንሽ ኮምፒውተር ላይ ተለማመጂ፣ ማውዙ እንግዳ እንዳይሆንብሽ።

ትንፋሽንም አብረሽ ተለማመጂው። በአፍንጫ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ በአፍ ስድስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ማስወጫው ሲረዝም ልብ ይረጋል። የፈተናው ቀን ልጀምረው ብትዪ አይሠራም፣ ከአሁኑ ይልመድብሽ።

4. ካምፓስ። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ዶርም ስትገቢ የማታውቂያቸው ልጆች ጋር ነሽ። ስልክ አይገባም፣ ወሬ ግን ይገባል። «ፈተናው ወጥቷል፣ እገሌ ገዝቷል» የምትል አትጠፋም። በ2008 እውነት ተሰርቆ ወጥቶ ስለነበር ሰው ቶሎ ያምናል። እኛ ዶርም ውስጥ ከመምጣቷ በፊት ቴሌግራም ላይ ገንዘብ ከፍላ መልስ የሸመደደች ልጅ ነበረች። ከሸመደደችው አንድም አልመጣም፣ እሷም የራሷን እውቀት ማመን አቅቷት ስታለቅስ አመሸች። ወሬ ሲጀመር እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ግድግዳ አያለሁ። ኩሩ ናት ብለውኛል፣ ይበሉ።

እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር። የለመድሽውን ብዪ፣ ሆድ የሚረብሽሽ ከሆነ ያላወቅሽውን ወጥ አትሞክሪ። ለማንቃት ብለው ጫት የሚያቀምሱ አሉ፣ እንቅልፍሽን ወስዶ እጅሽን የባሰ ያንቀጠቅጠዋል። ከጥያቄሽ ሥር «የልብ ምት የሚቀንስ ኪኒን ውሰጂ» ያለሽንም ሰው አትስሚው። እሱ ሐኪም የሚያዝዘው ነው፣ አስም ላለበት ደግሞ አደገኛ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ሲታደል እኔም እጄ ተንቀጠቀጠ። ፈታኙ አናቴ ላይ ቆሞ «የደበቅሽው ነገር አለ እንዴ?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። እርሳሴን አስቀምጬ ተነፈስኩ። ከዚያ ቁጥር አንድን አልፌ የማውቀውን ፍለጋ ገለጥኩ። አንዱን ሠራሁ፣ ሌላ ሠራሁ፣ እጄ በራሱ ጊዜ ተወው። ከዘለልሽ ግን መልስ መስጫው ላይ ቁጥሩን እያየሽ አጥቁሪ፣ መስመር ከሳትሽ የተከተለው ሁሉ ይበላሻል። ደግሞ ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፣ ስለዚህ ባዶ የሚባል ነገር እንዳትተዪ። ወደ 70 በመቶ ነው ያመጣሁት፣ ያ ቢሮ ያለው ሰውዬ ይስማኝ።

5. ከወጣሽ በኋላ መልስ አታመሳክሪ። የሚቀጥለውን ፈተና ነው የምታበላሺው።

«ዘንድሮን ልዝለለው ወይ?» ላልሽው፣ አትዝለዪው። ፍርሃቱ ለከርሞም ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ከ50 በታች ቢመጣ እንኳን መቁረጫውን ነጥብ ካለፍሽ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፣ የጎረቤቴ ልጅ በሱ ገብታ አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት። እሱም ካልሆነ በግል ተመዝግበሽ ትፈተኛለሽ። ካርድሽ እጅሽ ከገባ ስሙን አይተሽ ጻፊልኝ፣ ስህተት ካለው የትኛው ቢሮ፣ ምን ይዘሽ እንደምትሄጂ በውስጥ እነግርሻለሁ።