እርሳስና ዚንክ ቀልጠውም ለምን አይዋሃዱም?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እርሳስና ዚንክ አብረው ሲቀልጡ እንደ ዘይትና ውሃ ይለያያሉ ሲባል ሰማሁ፣ ለምንድነው? በሂሳብስ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ አሪፍ ጥያቄ ነው! ኢንትሮፒ (ነገሮች የመበታተንና የመዘበራረቅ ዝንባሌያቸው) ሁሌም ወደ መቀላቀል ይገፋል፣ ግን እርሳስ ከእርሳስ ዚንክም ከዚንክ ጋር መሆን ስለሚቀላቸው መደባለቁ ሙቀት ይበላል፣ ስለዚህ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሁለቱም ቀልጠው እንኳን ዚንኩ ቀለል ስለሚል ከላይ ይሰፍራል፣ ወደ 800 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን ኢንትሮፒው ያሸንፍና አንድ ፈሳሽ ይሆናሉ። ሬጉላር ሶሉሽን የሚባለው የሂሳብ ሞዴል ይሄን ሁሉ የሁለቱን አለመስማማት በሚለካ አንድ ቁጥር ይገልጸዋል፣ ግን የትኛው ድብልቅ በምን ሙቀት እንደሚለያይ የሚያሳየውን ኩርባ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚያደርገው ለዚህ ጥንድ በደንብ አይገጥምም፣ እኔ ቀመሩ ላይ ተጨማሪ ተርም (የሂሳብ አባል) ያለውን ሞዴል እመርጣለሁ። በጣም ደስ የሚለኝ ደግሞ አሌክሳንደር ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1850 ፓተንት ያወጣበት ብርን ከእርሳስ የመለየት ዘዴ በዚሁ አለመዋሃድ ላይ መቆሙ ነው፣ ብሩ እርሳሱን ትቶ ወደ ዚንኩ ይሄዳል።