ታብሌቱን ወደ እጃቸው ዝቅ አድርጉት

ልጆቼ፣ አሜሪካ ሪክሪየሽን ቴራፒ (ታካሚን በጨዋታና በሚወደው እንቅስቃሴ የሚረዳ ሕክምና) የምትማሩ የሀበሻ ልጆች ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፣ ልምምዱ በቪዲዮ ወይ ግማሹ በአካል ግማሹ በቪዲዮ ሲሆን ትምህርቱ ይጎድልብናል ወይ ትላላችሁ። እንደ አያያዙ ነው። እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና በሩን ሲዘጋብን እኔጋ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ) የጀመረች ተማሪ ነበረች። ታካሚዋ ሜሪላንድ አንድ ነርሲንግ ሆም ያሉ፣ በቀኝ በኩል ያለውን አእምሯቸውን ስትሮክ የመታቸው ሀበሻ እናት ናቸው። ተማሪዋ ከቤቷ ሆና ታዋራቸዋለች፣ እዛ ያለችው ረዳት ታብሌቱን ትይዝላታለች፣ "ፊታቸው በደንብ ይታይ" ያልኩት እኔ ነኝ። እማማ ደግሞ የኛ እናት ናቸውና እንዴት ዋሉ ሲባሉ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ አንቺስ ደህና ነሽ" ብለው ይመርቋታል እንጂ ይሄ ጎደለኝ አይሉም። ልጅቷ አሰስመንቱ (የታካሚው ምዘና) ላይ ንቁ ናቸው፣ ተግባቢ ናቸው ብላ ጻፈች፣ እኔም ፈረምኩ። ሶስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን ረዳቷ ረከቦትና 6 ስኒ አመጣችላቸው፣ እሳት ክልክል ስለሆነ ቡናው በቴርሞስ ነው፣ እና እጇ ስለሞላ ታብሌቱን ወንበር ላይ ስታቆመው ካሜራው ረከቦቱ ላይ አረፈ። እማማ ስድስቱንም ስኒ በቀኝ ጠርዝ እርስ በርስ እስኪጋጩ አጠጋግተው ደረደሩ፣ ግራው ባዶ ነው፣ ከዛ ጨረስኩ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ዓይናቸው ያያል እኮ፣ አእምሯቸው ነው ግራውን የሚተወው፣ የቀኙ አእምሮ ሲመታ የሚመጣ ነገር ነው። ለካ በየቀኑ ሰሃናቸው ግራው ሳይነካ ሲመለስ "ምግብ አስጠላቸው" እየተባለ ይጻፍ ነበር። ያን ቀን ሆዴን እንዴት እንደበላኝ አልነግራችሁም።

ከዛ በኋላ አሰራራችንን ቀየርን። ተማሪዋ መጀመሪያ እጃቸውንና ጠረጴዛውን ታያለች፣ ጥያቄው ኋላ ይመጣል። ረከቦቱ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አስረን "እማማ፣ መጀመሪያ ቀዩን ይፈልጉልኝ" እያለች፣ ከስድስቱ ስንቱን ግራ እንዳስቀመጡ፣ ከዛ ውስጥ ስንቱን ማንም ሳይነግራቸው እንዳስቀመጡ ቆጥራ ቻርቱ ላይ ትጽፋለች። ያው ቡና ነው፣ ግን አሁን ግብ አለው፣ ልኬት አለው። ቤተሰብ "ለማጫወት ነው እንዴ አራት ዓመት የተማርሽው" ሲላችሁ ይሄን አሳዩአቸው።

ስለ ሰዓቱ፣ ለሲቲአርኤስ (የተመሰከረለት የሪክሪየሽን ቴራፒ ባለሙያ) ሰርተፍኬት በትምህርት በኩል ከመጣችሁ ኢንተርንሺፑ ቢያንስ 560 ሰዓትና 14 ተከታታይ ሳምንት ነው፣ በሳምንት ደግሞ ከ20 ሰዓት እንዲያንስ አይፈቀድም። 40 ሰዓት ከሰራችሁ በ14 ሳምንት ይወጣል፣ 20 ከሆነ 28 ሳምንት ይፈጃል። ማታ ሆስፒታል እየሰራችሁ፣ ቤት ኪራይ እየከፈላችሁ፣ ሀገር ቤት ገንዘብ እየላካችሁ የምትማሩ ብዙ ናችሁ፣ እና አርባውን ለመሸከም ስትሉ ታካሚ ፊት እያንቀላፋችሁ ከምትቀመጡ ሴሜስተሩ ሳይጀመር ትምህርት ቤታችሁን 20ውን ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ደግሞ የተስማማችሁትን በጽሁፍ ያዙ። ሱፐርቫይዘራችሁ ራሱ ሲቲአርኤስ መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ሰዓታችሁ ሁሉ ውድቅ ሊሆንባችሁ ይችላል።

በቪዲዮ የምትሰሩ ደግሞ ታብሌቱን የምትይዝላችሁን ረዳት ስሟን እወቁ፣ ከሴሽኑ በፊት አምስት ደቂቃ አዋሯት። ሰሃኑ እንዴት ሆኖ እንደተመለሰ የምታውቀው እሷ ናት።