ዋራንት መቼ ነው የማገኘው ለምትሉኝ ልጆች

በፌዴራል መንግሥት የግዥ ሥራ የተቀጠሩ የሐበሻ ልጆች ይደውሉልኛል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያደጉ፣ አካውንቲንግ ወይም ቢዝነስ ጨርሰው 1102 በሚባለው የግዥ ባለሙያ የሥራ መደብ የገቡ ናቸው። ሲደውሉልኝ ደስ ይለኛል፤ እኛ ስንጀምር የምንጠይቀው ሰው አልነበረንም። ግን ሰላምታው ሳያልቅ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ ስለ ዋራንት፣ በመንግሥት ስም ውል ለመፈረም ስለሚያስችለው የሹመት ወረቀት። ዋራንት መቼ ነው የማገኘው?

አትቸኩሉ እላለሁ። ትከፋላችሁ፣ አውቃለሁ። አትችሉም ብዬ ግን አይደለም።

ነገሩን ለማታውቁት፣ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ውስጥ መንግሥትን በውል የሚያስረው የኮንትራክቲንግ ኦፊሰሩ ፊርማ ነው። ሥልጣኑ ከመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ይወርዳል። ጄኔራሉ ስንት ሺህ ወታደር ያዛል፣ ሳይንቲስቱ ስለሚገዛው መሣሪያ ከማንም በላይ ያውቃል፣ ወረቀቱ ከሌላቸው ግን ውል መፈረም አይችሉም። አገር ቤት የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ አለ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ብዙ ሰው ይፈርማል። እዚህ የእናንተ ስም ብቻ ነው። ወረቀቱ ኤስኤፍ 1402 የሚባል አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ስማችሁ ይጻፋል፣ የዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ኮንትራክቲንግ ኦፊሰር ሆናችሁ ተሹማችኋል ይላል፣ ቀጥሎ ገደቡ ይመጣል፤ እስከ ስንት ዶላር፣ ለምን ዓይነት ግዥ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ስትለቁ ሥልጣኑም እዚያው ይቀራል።

የዚህ ወረቀት ክብደት እንዲገባችሁ በ1947 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነውን የሜሪል ጉዳይ አንብቡ። አይዳሆ ውስጥ የሚኖሩ ስንዴ ገበሬዎች ናቸው። የመንግሥት የሰብል ኢንሹራንስ ሊገቡ ሄደው፣ የክረምቱ ስንዴ በጠፋበት መሬት ላይ እንደገና እንደዘሩ ለአካባቢው ኮሚቴ በግልጽ ተናገሩ። ኮሚቴው ችግር የለም፣ ይሸፈናል አላቸው። ድርቅ መጣ፣ ሰብሉ ወደመ። ደንቡ ግን እንደገና የተዘራውን አይሸፍንም ነበር። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ገበሬዎቹ ላይ ፈረደ፤ ከመንግሥት ጋር የሚዋዋል ሰው፣ የሚያናግረው ባለሥልጣን በእርግጥ ሥልጣን እንዳለው ማጣራት የራሱ ኃላፊነት ነው አለ። ይኼ ሕግ ዛሬም ይሠራል። እና አንድ የፕሮግራም ሠራተኛ በስብሰባ መሃል «ቀጥሉ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ሲል፣ አምኖ ሠራተኞቹን ያሰማራው ትንሽ ድርጅት ገንዘቡን ላያገኝ ይችላል። ጉዳዩን በኋላ ማጽደቅ የሚቻልበት ሥርዓት አለ፣ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ሁሌም አይሳካም፣ እስከዚያ ደግሞ ያ ሰው ደሞዝ መክፈል አለበት። ዋራንት ሳትይዙም ስብሰባ ላይ ትቀመጣላችሁ። አፋችሁን ጠብቁ።

አሁን ወደ ስልጠናው። የመከላከያው ወገን በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት ቨርጂኒያ፣ ፎርት ቤልቮር ባለው የመከላከያ የግዥ ዩኒቨርሲቲ ይሠለጥናል፣ ሲቪሉ በፌዴራል አክዊዚሽን (የግዥ) ኢንስቲትዩት በኩል። ኮርሱን ትወስዳላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ ሰርተፊኬት ታገኛላችሁ። ሰርተፊኬት ያለው ሁሉ ግን ዋራንት ይገባኛል ማለት አይችልም። ዋራንት የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ሲያስፈልገው ነው፤ ሲመርጥም ልምድና ትምህርት ብቻ ሳይሆን ማመዛዘናችሁን፣ ጠባያችሁን፣ ያላችሁን ስም እንዲያይ ተደርጎ ነው ሥርዓቱ የተሠራው። ከ2025 ጀምሮ የግዥ ደንቡ እንደገና እየተጻፈ ነው፤ ሕግ የማያስገድደው ብዙ ነገር ከደንቡ እየተሰረዘ ነው። አንዳንድ ልጆች ሥራው ቀለለ ብለው ደስ ብሏቸዋል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ደንቡ ባጠረ ቁጥር፣ ደንቡ አዘዘኝ ብላችሁ የምትከለሉበት ቦታ ይጠፋል፤ የራሳችሁ ውሳኔ ይበዛል።

ስለዚህ ኮርስ የማያስተምረውን በሥራ ተማሩ። ወጣቶች ሁሉ ውል መስጠት ይወዳሉ፤ ጨረታ ማውጣት፣ አሸናፊ ማሳወቅ። ከፊርማ በኋላ ያለውን ሥራ ማንም አይፈልገውም። እናንተ ለምኑት። ኮንትራክተሩ ሲዘገይ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ ውል ማሻሻል፣ የካሳ ጥያቄ መመለስ፣ ያለቀ ውል ፋይል መዝጋት። ኮንትራክተሩ የሚያስረክበው ምን እንደሆነ ሳይገለጽ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ወር እንደሚያጨቃጭቅ የምታዩት እዚያ ነው። ያን ያየ ሰው ሲፈርም ያነባል።

አንድ ጊዜ የአንድ ጎበዝ ልጅ ፋይል አየሁ። ጥሩ ጸሐፊ ነው፣ ወረቀቱ ያምራል። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው ይላል። በምን? ካለፈው ዓመት ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ። ያለፈው ዓመት ፋይል ይምጣ አልኩ። እሱም ካለፈው ዓመት ጋር ተነጻጽሮ ይላል። ከሥሩ ድረስ ወረድን። መጀመሪያ ላይ የተጫረተው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፣ ዋጋውንም ማንም አልመዘነውም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትንሽ እየጨመሩ ያንኑ ቁጥር ሲገለብጡት ኖረዋል። ልጁ አልዋሸም። ግን ገበያውን አልጠየቀም። ምክንያታችሁን በራሳችሁ ቃል መጻፍ ካልቻላችሁ፣ አትፈርሙ።

ከሁሉም የሚከብደን እኛን ግን ሌላ ነው። ይሉኝታ። ታላቅ ሲናገር ዝም በል ተብለን አድገናል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30 ነው፤ እንቁጣጣሽም በዚያው ወር ይውላል፣ በዓሉን ቢሮ ያሳለፍንበት ጊዜ አለ። በዚያ ሰሞን የፕሮግራሙ አለቃ ጠረጴዛችሁ ጋ መጥቶ ይቆማል። ፀጉሩ የሸበተ፣ የተከበረ ሰው ነው። ዛሬ ካልፈረማችሁ ገንዘቡ ይመለሳል ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ይመለሳል። ፋይሉ ካልተሟላ ግን እንዲመለስ ተዉት። በአክብሮት፣ ድምፅ ሳታነሱ፣ የጎደለውን በኢሜይል ጻፉለት። የሕግ አማካሪ ጠይቁ፣ መሐንዲስ ጠይቁ፣ ኦዲተር ጠይቁ፤ ምክር መጠየቅ ግዴታችሁ ነው። ፊርማው ግን የእናንተ ነው።

የወገን ጉዳይም አለ። የጽዳት ወይም የአይቲ ድርጅት ያለው ዘመድ አይጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «አንተ እያለህ እኮ…» ይባላል። ለሁሉም በይፋ የወጣውን ጨረታ አሳዩት፣ የአነስተኛ ንግድ ቢሮው የት እንዳለ ንገሩት፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ዘመዳችሁ ከተጫረተ ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቃችሁ ከፋይሉ ውጡ። ስጦታ ከአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር፣ በዓመት ከ50 ዶላር አይበልጥም ይላል ደንቡ። እኔ እሱንም አልቀበልም ነበር። አመስግኖ መመለስን ሰው ይለምደዋል።

ልምድ ብቻውን እንደማያድን የዳርሊን ድሩዩን ታሪክ ያሳያል። አየር ኃይል ውስጥ በግዥ ሥራ አንቱ የተባለች ሴት ነበረች። ከቦይንግ ጋር የ100 ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላኖችን ውል እየተደራደረች፣ ጎን ለጎን እዚያው ድርጅት ስለምትቀጠርበት ሥራ ትነጋገር ነበር። ልጇና የልጇ ባልም እዚያው ተቀጥረው ነበር። በ2004 ጥፋተኛ መሆኗን አምና 9 ወር ተፈረደባት። ሥራ ያነጋገራት የቦይንግ ሹምም ታሰረ፣ ድርጅቱ በ2006 ይኼንንና ሌላ ጉዳይ ለመጨረስ 615 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ጉዳዩን ዝርዝሩን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ እንዴት በትንሽ በትንሹ እንደተጀመረ እዩ።

የመጀመሪያው ዋራንታችሁ ትንሽ ገደብ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ የቀለለው የግዥ ሥርዓት ጣሪያ 350 ሺህ ዶላር ሆኗል፤ እዚያ ውስጥ ራሱ የምትማሩት ብዙ ነው። ትልቅ ገደብ ሊሰጧችሁ ሲሉም ሁለት ነገር ጠይቁ። ከመፈረሜ በፊት ፋይሌን ማን ያይልኛል? አልፈርምም ካልኩ ከኋላዬ ማን ይቆማል? የሰው ስም ጠርተው ካልመለሱላችሁ፣ ደሞዙ ቢያንስም በትንሹ ገደብ ቆዩ።