በ14ኛው እንቅስቃሴ አቻ፦ የበርሊን መከላከያ ጥያቄና መልስ

ነጭ ደሴ፣ ጥቁር ኮምቦልቻ ሆነው በቴሌግራም የተጫወቱት ቼዝ፣ ለአንድ እንቅስቃሴ ሦስት ቀን። የበርሊን መከላከያ የሚባለው ጥቁር በ3ኛው ፈረስ ኤፍ6 የሚልበት አከፋፈት ነው (× መብላት ነው፤ የቁራጭ ስም ካልተጻፈ ወታደር ነው)፦

1. ኢ4 ኢ5 2. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6 3. ቢሾፕ ቢ5 ፈረስ ኤፍ6 4. ካስሊንግ ፈረስ×ኢ4 5. ዲ4 ፈረስ ዲ6 6. ዲ×ኢ5 ፈረስ×ቢ5 7. ኤ4 ፈረስ ከቢ5 ዲ4 8. ፈረስ×ዲ4 ዲ5 9. ኢ×ዲ6 ፈረስ×ዲ4 10. ንግሥት×ዲ4 ንግሥት×ዲ6 11. ንግሥት ኢ4 ቼክ፣ ንግሥት ኢ6 12. ንግሥት ዲ4 ንግሥት ዲ6 13. ንግሥት ኢ4 ቼክ፣ ንግሥት ኢ6 14. ንግሥት ዲ4 ንግሥት ዲ6፣ አቻ።

ጥያቄ፦ ተስማምተው ነው እንዴ? የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ቡና ሳይጠጣ እንደመመለስ ነው!

መልስ፦ መስማማት አያስፈልጋቸውም፣ ቦርዱ ራሱ ያስገድዳቸዋል። ነጭ ንግሥት ቢለዋወጥ ጥቁር ሁለት ቢሾፕ ይዞ ይቀራል፤ ነጭ አንድ ቢሾፕና አንድ ፈረስ፣ ወታደር ስድስት ለስድስት። ምን ያተርፋል? ጥቁር ደግሞ 12ኛው ላይ ከኤፍ8 ቢሾፑን ቢያወጣ ጂ7 ጠባቂ ያጣል፣ የነጭ ንግሥት ዲ4 ላይ ሆና ያንኑ ነው የምታየው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጥቁር 12ኛው ላይ ኤ6 ቢል፣ ነጭ ሩክ ኢ1 ብሎ ንግሥቲቱን ከንጉሡ ጋር አያስራትም?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ይህ ነው። ኢ1ን የሚጠብቅ የለም፤ ንግሥት×ኢ1፣ ማት! ኤ1 ያለው ሩክ በቢ1 ፈረስና በሲ1 ቢሾፕ ተዘግቷል። መጀመሪያ ቢሾፕ ዲ2፣ ከዚያ ሩክ ኢ1።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ መደጋገም ከየት ይቆጠራል?

መልስ፦ የሚቆጠረው አቀማመጡ እንጂ እንቅስቃሴው አይደለም። ከጥቁር 10ኛ፣ 12ኛና 14ኛ በኋላ ቦርዱ አንድ ነው፣ ተራውም የነጭ ነው። በውድድር ጥቁር አቻውን የሚጠይቀው 14ኛውን ጽፎ፣ ዳኛ ጠርቶ፣ ሳይጫወት ነው። ተጫውቶ ሰዓቱን ከተጫነ በኋላ መጠየቅ የነጭ ድርሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ነጭ ይህን አቻ እንዴት ያመልጣል?

መልስ፦ 4ኛው ላይ ዲ3። ወይም 6ኛው ላይ ቢሾፕ×ሲ6፤ ክራምኒክ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን የያዘበት መስመር ነው፣ ካስፓሮቭ በግጥሚያው አንድም ጨዋታ አላሸነፈም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር መጠቀም ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን ይፈቅዳል። ጓደኛሞች ግን ከ1ኛው እንቅስቃሴ በፊት ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ መልእክቱ ላይ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ 7ኛው ላይ «ፈረስ ዲ4» ብቻ አትጻፉ፣ ሁለት ፈረስ ይደርሳል፤ ከቢ5 ነው ወይስ ከሲ6? 9ኛው ላይ ደግሞ ነጭ ወታደሩን ዲ6 ሲያሳርፍ ዲ5 ያለውን የጥቁር ወታደር ከቦርዱ አንሱ፤ ሁለት ቤት ዘሎ ያለፈውን ወታደር በማለፊያው ላይ መብላት (አን ፓሳን) ነው።