ስለ ክሊፕ ጠይቁኝ፦ የማይረሱ የሙዚቃ ቪዲዮዎች ጥያቄና መልስ

ክሊፕ ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ 15 ዓመት ሆነኝ። የምሠራባት ክፍል ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሙያ ጓደኞቼና ገና የሚጀምሩ ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን "ዛሬ ሥራውን እንተወውና ስለምወዳቸው ክሊፖች ጠይቁኝ" አልኳቸው። ከጎረቤት ቢሮም ሰው ተጨመረ። ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈላ። የተባለውን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ክሊፕን የጀመረው ኤምቲቪ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኤምቲቪ ለክሊፕ ቤት ሠራለት እንጂ ክሊፕ ቀድሞም ነበር። ይህ የአሜሪካ የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተከፈተው ኦገስት 1 ቀን 1981 ነው። መጀመሪያ ያሳየው የበግልስን "ቪዲዮ ኪልድ ዘ ሬዲዮ ስታር" ነበር። ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ ቦብ ዲላን ለንደን ውስጥ ከሳቮይ ሆቴል ጀርባ ካለ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሞ፣ የግጥሙ ቃላት የተጻፉባቸውን ካርዶች አንድ በአንድ ሲጥል ተቀርጿል። ሰውዬው አይዘፍንም፣ ከንፈሩንም አያንቀሳቅስም። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ "ሊሪክስ ቪዲዮ" የምንለው ነገር አያቱ እሱ ነው።

እኔ ግን መንገዱን የከፈተው የኩዊን "ቦሂሚያን ራፕሶዲ" ነው እላለሁ። 1975 ነው። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። መሀሉ ላይ ያለውን ኦፔራ መሳይ ክፍል የቴሌቪዥን መድረክ ላይ ቆሞ በፕሌይባክ፣ ማለትም የተቀዳ ዘፈን እየተጫወተ፣ ማስመሰል ያስቸግራል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ብሩስ ጋወርስ አራቱን የባንዱን አባላት ጨለማ ውስጥ አቆማቸውና ፊታቸው ላይ ብቻ ብርሃን ጣለባቸው። ቀረጻው አራት ሰዓት ገደማ ነው የፈጀው። የዘፋኙ የፍሬዲ ሜርኩሪ ፊት እየተባዛ ወደ ኋላ ሲሄድ ታያላችሁ አይደል? ኮምፒውተር አይደለም። ካሜራውን ወደ ሞኒተሩ አዞሩት፣ በቃ። ካሜራ የራሱን ምስል መልሶ ሲቀርጽ ምስሉ እየተደራረበ ይሄዳል። ስልካችሁን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙና ካሜራውን ወደ ስክሪኑ አዙሩት። ያንኑ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ ስለ "ትሪለር" ሁሌ ይወራል። እኔ ግን አሁን ሳየው ሜካፑ ያረጀ ነው የሚመስለኝ። ለምንድነው እስከ ዛሬ አንደኛ የሚባለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሜካፑን ለጊዜው ተይው። የተሠራበትን ሰዓት እዪልኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኤምቲቪ ላይ የሚታየው በአብዛኛው የነጮች ሮክ ነበር። ለዚህም በጣም ይወቀስ ነበር። በ1983 መጀመሪያ ላይ የማይክል ጃክሰን "ቢሊ ጂን" ገባ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ቀን "ትሪለር" መጣ። 14 ደቂቃ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ያኔ ክሊፕ ማለት ለዘፈኑ ማስታወቂያ ነበር። ማይክል ግን የሲኒማ ዳይሬክተር ጠራ፣ ጆን ላንዲስን። ሜካፑን የሠራው ሪክ ቤከር ነው። ጭፈራውን ማይክል ፒተርስ ከማይክል ጋር ሆኖ አዘጋጀው። ገንዘቡ አልበቃ ሲል አሠራሩን የሚያሳይ ዶክመንተሪ አብረው ሠርተው ሸጡና ወጪውን ሸፈኑ። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ሲገባ ከሙዚቃ ቪዲዮ የመጀመሪያው ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀዩን ጃኬት አስቢው። የሠራችው የዳይሬክተሩ ሚስት ዲቦራ ናዱልማን ናት። ሙታኑ በሙሉ አፈር የመሰለ ጨርቅ ለብሰዋል። ሌሊት ነው። ቀይ የለበሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። አይንሽ ሌላ የት ይሄዳል? ጭፈራው ሲጀምር ደግሞ ካሜራው ወደ ኋላ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታቸው ከራስ እስከ እግር ይታያል። ዳይሬክተሩ ጭፈራውን አምኖበታል ማለት ነው።

ይሄን የማነሳው ስለሚቆጨኝ ነው። የእኛ እስክስታ ትከሻ ላይ ነው ያለው። አንገት ላይ፣ ደረት ላይ ነው። ተወዛዋዧ ትከሻዋን ልትሰብቅ ስትል ኤዲተሩ ወደ ዘፋኙ መነጽር ይቆርጣል። ሲመለስ አልቋል። እኔም በጀመርኩ ሰሞን እንደዚያ ነበር የምቆርጠው። አሁን የውዝዋዜ ሾት ሲመጣልኝ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ።

ጥያቄ፦ ማይክል የጥንት ግብፅ ንጉሥ ቤት ውስጥ የሚጨፍርበትስ?

መልስ፦ "ሪሜምበር ዘ ታይም"፣ 1992። ልጅ ሆነን ፒያሳ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት አካባቢ ቆመን ከምናወራቸው ክሊፖች አንዱ እሱ ነው። ንጉሡ ኤዲ መርፊ፣ ንግሥቷ የጎረቤታችን የሶማሊያዋ ኢማን፣ የቅርጫት ኳሱ ማጂክ ጆንሰንም አለበት። ዳይሬክተሩ ጆን ሲንግልተን ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። የሆሊውድ ፊልም የግብፅን ነገሥታት ነጭ አድርጎ በሚያሳይበት ዘመን ቤተ መንግሥቱን በጥቁር ሰዎች ሞላው። ስለዚህ ጉዳይ ንግግር አላደረገም። አሳየ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አንተ የምትጠራቸው ሁሉ የሀብታም ክሊፖች ናቸው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግዲያው ወደምወደው አመጣኸኝ። ከሁሉም ውዱ ክሊፕ የማይክልና የእህቱ የጃኔት "ስክሪም" ነው ይባላል። በ1995 ሰባት ሚሊዮን ዶላር እንደወጣበት ጊነስ መዝግቦታል። ቆንጆ ነው። ግን ሲያልቅ አብሮህ ወደ ቤት የሚሄድ አንድ ምስል አይተውልህም።

አሁን የሺኔድ ኦኮነርን "ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ" ተመልከት። 1990 ነው። ዘፈኑን የደረሰው ፕሪንስ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ሜይበሪ ፓሪስ ወስዶ መናፈሻ ውስጥ ሲያስኬዳት ቀርጿታል። ሰው የሚያስታውሰው ግን እሱን አይደለም። ፊቷን ነው። ፀጉሯን የተላጨች ልጅ፣ ከኋላዋ ጨለማ፣ ዓይኗ እኛን ያያል። መጨረሻው አካባቢ እንባዋ ይወርዳል፣ በግራም በቀኝም። አልተዘጋጀበትም። የሞተችው እናቷ ትዝ ብላት እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ዳይሬክተሩ "ቁረጥ" ብሎ ቢያስቆማትና እንባዋን አብሰው እንደገና ቢጀምሩ ኖሮ፣ ዛሬ ስለዚህ ክሊፕ አናወራም ነበር።

ሌላ ደግሞ የኦኬ ጎ "ሂር ኢት ጎስ አጌን" አለ፣ 2006። አራት ወጣቶች፣ ስምንት የጂም መሮጫ ማሽን፣ ያለ አንድ ቆረጣ። ካሜራው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ያዘጋጀችው የዘፋኙ እህት ትሪሽ ሲ ናት። ዋጋው ልምምዱ ነው። እዚህ ከተማ ቀረጻ ላይ ያየሁት ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ለመኪና ኪራይ ገንዘብ ይወጣል፣ ለአንድ ሳምንት ልምምድ ግን አይወጣም።

ጥያቄ፦ እርሳስ የሚመስለው ክሊፕ እንዴት ነው የተሠራው? ልጅቷ መጽሔት ውስጥ የምትገባበት።

መልስ፦ የአሃ "ቴክ ኦን ሚ"፣ 1985። ዳይሬክተሩ ስቲቭ ባረን ነው፣ "ቢሊ ጂን"ንም የሠራው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰዎቹን በፊልም ቀረጿቸው። ከዚያ ሰዓሊዎቹ ማይክል ፓተርሰንና ካንዳስ ሬኪንገር በፊልሙ ላይ ፍሬም በፍሬም በእርሳስ ሣሉበት። 3,000 ገደማ ሥዕል ነው። 16 ሳምንት ፈጀ። መስመሩ የሚንቀጠቀጠው እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ ስለሆነ ነው። አሁን ስልክ ላይ ያሉ ፊልተሮች ይሄን ያስመስላሉ። መንቀጥቀጡን ግን አያገኙትም።

በማግስቱ ዓመት የፒተር ጋብርኤል "ስሌጅሀመር" መጣ። እዚያ ደግሞ ሰውዬው ራሱ እንደ አሻንጉሊት ፍሬም በፍሬም ተቀረጸ። ከመስታወት ሥር 16 ሰዓት ተኝቷል። በ1987 ዘጠኝ የኤምቲቪ ሽልማት ወሰደ።

ጥያቄ፦ ስሎሞሽን ላይ የዘፋኙ ከንፈር ከዘፈኑ ጋር እንዴት ይገጥማል?

መልስ፦ ቀረጻ ላይ ዘፈኑን አፍጥነህ ታጫውትለታለህ። በሰከንድ 50 ፍሬም ቀርጸህ በ25 የምታሳይ ከሆነ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት መሄድ አለበት። ዘፋኙም በዚያ ፍጥነት ይዘፍናል። ቦታው ላይ ሲታይ ያስቃል። ኤዲት ላይ ሲዘገይ ከንፈሩ ልክ ይመጣል፣ ፀጉሩና ቀሚሱ ብቻ ቀስ ይላሉ። እኛ አንዴ ሱሉልታ ሄደን ይሄን ረስተን ሙሉ ቀን በተለመደው ፍጥነት ቀረጽን። ፀሐይ ገባች። ሰኞ ዕለት ኤዲት ክፍል ስከፍተው አንድም የሚገጥም መስመር አልነበረም። ዘፋኟ ድጋሚ መምጣት ነበረባት።

ኮልድፕሌይ የሚባለው ባንድ አባላት "ዘ ሳይንቲስት" ላይ ከዚህ የባሰ ነው ያደረጉት። ክሊፑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተገልብጦ ነው የሚሄደው፣ የዘፋኙ ከንፈር ግን ይገጥማል። ዘፋኙ ክሪስ ማርቲን ግጥሙን ገልብጦ መዝፈን ለመልመድ አንድ ወር ያህል ወስዶበታል።

ጥያቄ፦ ከኛ ሀገርስ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ከትልልቆቹ የቴዲ አፍሮን "ጥቁር ሰው" እጠራለሁ። አልበሙ 2012 ነው የወጣው። የ1896ቱን ዓድዋ በክሊፕ ለማሳየት መድፈሩ በራሱ ለእኛ ሙያ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ታሪካዊ ዘፈን ሲሆን ዘፋኙ ሐውልት ሥር ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። ከዚያ በኋላ ግን አልባሳቱም ፈረሱም የሰዉም ብዛት እንደሚታሰብበት ሁሉም አወቀ።

ከድሮው ደግሞ የኢቲቪን የስቱዲዮ ቀረጻዎች አትናቁ። የፕላስቲክ አበባና የተቀባ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ካሜራው ግን ዘፋኙን ዝም ብሎ ያየዋል። ጥላሁን ገሠሠ ሲያለቅስ ካሜራው አይሸሽም። እኔ ከዚያ ብዙ ተምሬአለሁ።

የምቃወመው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ያለ ምክንያት መሮጥን ነው። ዘፈኑ ስለ ካዛንቺስ ከሆነ ካዛንቺስን አሳየኝ። የፈረሰውን ቤት፣ አዲሱን መንገድ፣ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ።

ጥያቄ፦ ዘ ዊኬንድ እንደኛ ልጅ ይቆጠራል?

መልስ፦ ቶሮንቶ የተወለደ፣ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ አቤል ተስፋዬ ነው። "ዘ ሂልስ" የሚለው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ አማርኛ ይሰማል። የዘፈኑ ክሊፕ፣ 2015፣ የተገለበጠች መኪና ውስጥ ነው የሚጀምረው። እየዳኸ ይወጣና ይሄዳል። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ መንገድ። ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋንግናም ስታይል?

መልስ፦ "ሳይ" የሚባለው የኮሪያ ዘፋኝ በጁላይ 2012 ለቀቀው፣ በዚያው ዲሴምበር ዩቲዩብ ላይ ቢሊዮን እይታ የሞላ የመጀመሪያው ሆነ። ለቁጥሩ ሳይሆን ለፈረስ ግልቢያው እወደዋለሁ። ማንም ሕፃን አንዴ አይቶ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ (ከጎረቤት ቢሮ የመጡት ጋሼ ናቸው የጠየቁት) አንተ የማትወደው፣ ግን የማትረሳው አለ?

መልስ፦ አለ ጋሼ። እርሱም በሥርዓቱ ክሊፕ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የሰባ ሰባቱን ድርቅ እርስዎ ያስታውሱታል። የካናዳው ሲቢሲ ጋዜጠኞች ትግራይ ውስጥ የቀረጹት ፊልም ነበር። ዘ ካርስ በሚባለው ባንድ "ድራይቭ" ዘፈን ላይ ኤዲት ተደረገ። ዘፈኑ የራሱ ክሊፕ ነበረው፣ የፍቅር ዘፈን ነው። ጁላይ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ በተባለው ለድርቁ እርዳታ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ከሚዘፍናቸው አንዱን ቀንሶ ሰዓቱን ለዚያ ፊልም ሰጠ። ለንደን ዌምብሊ ስታዲየም የነበረው ሕዝብ ጸጥ አለ። እርዳታውም ጨመረ።

እንደ ኤዲተር ሳየው ቆረጣው የተዋጣለት ነው። ጥያቄ የሚጠይቅ የፍቅር ግጥም ከልጆች ፊት ጋር ሲገናኝ ሌላ ትርጉም ያወጣል። እንደ ኢትዮጵያዊ ሳየው ግን ይከብደኛል። ውጭ የሄደ ሰው ሁሉ ለብዙ ዓመት ስለ አገሩ ሲጠየቅ ከዚያ ምስል ጋር ነበር የሚከራከረው። ፊልሙ ላይ ስም ያለው ሰው የለም። ማን እንደሆኑ፣ ምን ይወዱ እንደነበር አይነግረንም።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ፣ ልትሞት ነው ተብላ የተቀረጸችው ብርሃን ወልዱ፣ ተረፈች። ተማረች። በ2005 ላይቭ ኤይት በሚባለው ኮንሰርት ላይ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ በሀገር ልብሷ ቆመች። ያንን ታሪክ እንደገና ቁረጠው ብባል፣ እሷ ወደ መድረኩ ስትወጣ ካለው ሾት ነው የምጀምረው።